የዓባይ ሼቭሮሌትና የዘርይሁን ሁለት ነጥብ

ያረጀ የዲፈረንሻል ዘይት ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ድኝና ያረረ ሽንኩርት አንድ ላይ የተቀቀሉ ይመስላል። በልጅነታችን ከተክለ ሃይማኖት ቁልቁል ስንወርድ፣ በጋሼ ዘማርያም ጋራዥ የቆርቆሮ አጥር በኩል አፍንጫችንን ይዘን በሩጫ ነበር የምናልፈው። ዘርይሁን ግን ይቆማል። አየሩን ወደ ውስጥ ይስብና «ይኼ የዶጅ ነው፤ የትናንቱ የፎርድ ነበር» ይላል። እንስቅበታለን። ዘይት ሁሉ ያው ዘይት ነው፤ እንኳን እሱ፣ ጋሼ ዘማርያምም በማሽተት አይለዩትም ነበር። ዳሩ ግን ሰው ወደሚወደው ሥራ የሚገባው አንዳንዴ እንዲህ እየቀባጠረ ነው። በዐሥራ አራት ዓመቱ ከአጥሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቱታም ለበሰ።

ዲፈረንሻል የሚባለው በኋላ ጎማዎች መካከል፣ ከመኪናው ሆድ ሥር እንደ ትልቅ የብረት እንቁላል ተንጠልጥሎ የሚታየው ነገር ነው። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለሁለቱ ጎማዎች ያካፍላል። ከግራና ከቀኙ ወደ ጎማዎቹ የሚዘረጉት ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ሲጨመሩበት ሙሉው የኋላ አክስል ይባላል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከነበሩት ረጃጅም የአሜሪካ መኪኖች ብዙዎቹ የጋሼ ዘማርያምን የጋራዥ ጉድጓድ ሳያዩ አልቀሩም። የመኪና ባለቤት ደግሞ መኪናውን ጋራዥ ትቶ አይሄድም። በርጩማ ይዞ ይመጣና ከጧት እስከ ማታ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ዞር ካለ ደህናው ዕቃ ወጥቶ ያረጀው ይገባል ብሎ ይሰጋልና። ጋሼ ዘማርያም በሰው ፊት መጠርጠር ሰለቻቸው። ከዚያ በኋላ በከፈቱት ዕቃ ሁሉ ላይ በሹል ብረት ሁለት ነጥብ ይመቱበት ጀመር። «አንዷ ለባለቤቱ ናት፤ አንዷ ለእግዜር። ይዞት የመጣውን ይዞት ይሄዳል» ይሉ ነበር። ተማሪዎቻቸውም ይህንኑ ለመዱ።

ዘርይሁን ለንደን የገባው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። መጀመሪያ የሆቴል ሰሃን አጠበ፤ ቀጥሎ አውቶቡስ ማደሪያ ውስጥ ጎማ ፈታ፤ በኋላ ኤድመንተን በሚባል የለንደን ሰፈር ከመጋዘኖች ጀርባ አንዲት ጠባብ ጋራዥ ተከራየ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንድ እንግሊዛዊ አሮጌ የአሜሪካ መኪና አመጣለትና «የኋላ አክስሉ ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ነው ወይስ የተቀየረ?» ብሎ ጠየቀው። ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እነዚያ ሞተራቸው ግዙፍ የሆነ፣ ሲነሱ ጎማ የሚያጨሱ መኪኖች በጉብዝናቸው ዘመን የኋላ አክስላቸውን እየሰበሩ ሌላ ሲገጠምላቸው የኖሩ ናቸው። የራሱን ይዞ ስድሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ የያዘ ሁሉ ወደ ዘርይሁን ይመጣል፤ እሱም ከመኪናው ሥር በጀርባው ይተኛል። የአክስሉ ዓይነት በዚያ ይታወቃልና የክዳኑን ቡሎን ይቆጥራል፦ ዐሥር ነው ዐሥራ ሁለት? ሁለቱንም ጎማ በክሪክ ያነሣና አንዱን በእጁ ያዞራል፤ ሌላኛው በዚያው አቅጣጫ ከተከተለ፣ ይህ ጉልበትን ለአንድ ጎማ ብቻ የማይለቀው ዓይነት ነው። ከዚያ በቱቦው ላይ በፋብሪካ የተመታውን፣ አክስሉ ለየትኛው ዓይነት መኪና እንደተሠራ የሚናገረውን ፊደል ይፈልጋል። ይህን ፊደል የሚያጡት ብዙ ናቸው። የአሜሪካው መጽሐፍ «በተሳፋሪው በኩል» ይላል፤ የለንደን ሰው ሄዶ ግራውን ይፍቃል። ዘርይሁን ይስቃል። «እዚያ አገር ተሳፋሪ የሚቀመጠው በቀኝ ነው፣ ልክ እንደኛ» ይላል። ሚስቱ ኤልፍነሽ ደግሞ በምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ባሏ ምን እንደሚሠራ ስትጠየቅ «የመኪና ቂጥ ሐኪም ነው» ትላለች፤ እኅቶች ይሥቃሉ፤ መጋቢው አልሰማሁም ይላል።

ዓባይ የዘርይሁንም የእኔም የሰፈር ልጅ ነበር፤ እንደኛው ለንደን የገባ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር በአንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ዱቄት ሲያቦካ የኖረ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አንዲት ምኞት ብቻ ነበረችው። በልጅነቱ ከጋሼ ዘማርያም በር ላይ ያያትን ዓይነት ሼቭሮሌት፣ ምንም ያልተነካች፣ እንደተሠራች ያለች። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ አገኛት፤ የፈረንጅ ስድሳ ዘጠኝ ሥሪት፣ ሰማያዊ። ዘርይሁን ሳያያት ግን አልገዛም አለ።

ዝናብ ነበር። ዘርይሁን ሥሯ ገባ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ ማርሾቹን አየ፤ በቀኙ ቱቦ ላይ ፊደሉን አገኘ፤ ሁለት ነጥቡን መታና ወጣ። ዓባይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል።

«እህሳ?»

«የራሷ ነው።»

ዓባይ እዚያው ገዛት። ከዚያ ወዲያ በየሠርጉና በየለቅሶው «ዘርይሁን የራሷ ነው ብሎኛል» እያለ ሲናገር ኖረ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዐረፈ። መኪናዋ ለልጁ ለቤንጃሚን ተረፈችው።

ቤንጃሚን እዚሁ የተወለደ፣ ፊንስበሪ ፓርክ የሚኖር፣ በኮምፒዩተር ሥራ የሚተዳደር ልጅ ነው። ያልተነኩ የአሜሪካ መኪኖችን የሚመዘግብ አንድ ማኅበር አለ፤ በዚያ መዝገብ መኪናዋን ከነአባቱ ስም ለማስገባት አፕላይ አደረገ። የማኅበሩ መርማሪ ሚስተር ፔል መጥቶ አየና ሪፖርቱን ላከ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዘርይሁን ስልክ ጮኸ፤ በድምፅ ማጉያው ከፈተው። እኔም ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ ነበር።

«ጋሼ፣ ስለ አባቴ መኪና ነው። አክስሉን ሪጀክት አደረገው። ዌል፣ ሪጀክት እንኳ አይደለም፣ ‹አጠራጣሪ› ብሎ ነው የጻፈው።»

«ምኑ አጠራጠረው?»

«ከፊደሉ አጠገብ ሁለት ነጥብ አለ ይላል። ሰው በእጁ የመታው። ፊደሉንም ያው ሰው በኋላ መቶት ይሆናል፣ ፌክ ሊሆን ይችላል ነው የሚለው።»

ዘርይሁን የሞተር ዘይት የነካውን እጁን ቱታው ላይ ጠረገ። መልሶም ጠረገ።

«ጋሼ? ይሰማሉ?»

«ነጥቦቹን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ከወዲያ በኩል ቤንጃሚን «ኦህ፣ ማይ ጎድ፣ ጋሼ» አለ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ምን አስጨነቀህ? ቅዳሜ ሰውዬውን ጥራውና እኔ ነኝ በለው» አልኩት።

«ነጥቡማ እዳው ገብስ ነው» አለኝ። «ያስጨነቀኝ ሌላ ነው።»

ያስጨነቀውን ነገረኝ። የዲፈረንሻሉ የመሃለኛው ብረት ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ ሲፈስ ወሩና ቀኑ አብሮት ይቀረጻል። ፊደል ሰው ሊመታ ይችላል፤ ከብረቱ ጋር የፈሰሰውን ቀን ግን ማንም አይቀይረውም። ያን ዝናባማ ቀን ብረቱ ዝገት በሚከላከል ሬንጅ ተለብጦ ነበር። ዘርይሁን ሬንጁን አልፋቀም። ፊደሉን አይቶ በቃኝ አለ፤ ዝናቡ ጀርባው ሥር ይፈስ ነበር፤ ዓባይም ከላይ ሆኖ ይጠብቅ ነበር።

«ቀኑ ከመኪናዋ በኋላ ሆኖ ቢገኝስ?» አለ። «አንድን ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውሸት አስይዤው በየሰዉ ፊት አስምዬው፣ ከነውሸቱ አስቀበርኩት ማለት እኮ ነው። በሕይወት ያለን ሰው ይቅር በለኝ ትለዋለህ። ዓባይን የት ሄጄ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?»

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ እህል አልቀመሰም። ኤልፍነሽ ዐርብ ደወለችልኝ፤ «ናልኝ እባክህ፤ ጓደኛህ ሳያውጅ ጾም ገብቷል» አለችኝ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሁላችንም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰብን። ቤንጃሚን መኪናዋን እየነዳ መጣ፤ ድምፅዋ የመጋዘኑን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ተጠርቶ የመጣው ሚስተር ፔል ደግሞ ቀጭን፣ ጢሙ የነጣ፣ ጫማው የጸዳ ሰው ነው፤ ክፉም ደግም ከፊቱ አይነበብም።

ዘርይሁን ሳይጠየቅ ተናገረ። ነጥቦቹን ማን እንደመታቸው፣ መቼ፣ ለምን። የጋሼ ዘማርያምን ነገር፣ ባለቤቶቹ በርጩማ ይዘው ይመጡ እንደነበር ሁሉ ሳይቀር አስረዳው። ጥግ ላይ የተደረደሩትን ሌሎች አክስሎች አሳየው፤ እያንዳንዱ ላይ ሁለት ነጥብ አለ።

ሚስተር ፔል መነጽሩን አውልቆ ተመለከታቸው። «በእኛ አገር ይህ የአጭበርባሪ ምልክት ነው» አለ።

«በእኛ አገር የታማኝ ምልክት ነበር» አለ ዘርይሁን።

«እርስዎ መምታትዎን አምናለሁ። ነገር ግን ነጥቡን የመታ እጅ ፊደሉንም ሊመታ ይችላል። የብረቱን ቀን ያሳዩኝ።»

ዘርይሁን ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ክሪኩን ወሰደ።

ሬንጁ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሬንጅ ነው፤ እንደ ድንጋይ ደርቋል። በነጭ ጋዝ አራሰው፤ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፤ እንደገና አራሰው። እኛ የምናየው እግሩን ብቻ ነው። ኤልፍነሽ «አንተ ሰውዬ፣ ውጣና ትንፋሽ ውሰድ፤ ጋዙ ይገድልሃል» ትለዋለች። «ከሞትኩ ነጥብ ምቱብኝ» ይላል ከሥር። ቤንጃሚን ሣቀ።

አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ «ወጣ» አለ።

ሚስተር ፔል የጸዳ ጫማውንም ሱሪውንም ሳያስብ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በባትሪው አየ። ረጅም ጊዜ አየ። መጀመሪያ የሚመጣው የወሩ ፊደል ነው፦ ኤ ጃንዋሪ ነው፣ ቢ ፌብሩዋሪ፣ እንዲያ እያለ ይወርዳል። መኪናዋ በኤፕሪል ወር ሁለተኛ ሳምንት እንደተገጠመች ከመስተዋቱ ፊት ለፊት፣ በኮፈኑ ሥር ያለችው ትንሽ ብረት ላይ ተጽፏል። ስለዚህ አክስሉ ከኤፕሪል በፊት የቀለጠ መሆን አለበት።

«ጂ» አለ ሚስተር ፔል። ቀስ ብሎ ተነሣ። «ጁላይ። አዝናለሁ።»

መኪናዋ ከፋብሪካ ከወጣች ከሦስት ወር በኋላ ማለት ነው። ቤንጃሚን ጀርባውን ሰጠን። ኤልፍነሽ ከንፈሯን ነከሰች። ከመኪናው ሥር የሚታዩት የዘርይሁን እግሮች ግን አልተንቀሳቀሱም። ደንግጬ «ዘርይሁን!» ስል ተጣራሁ።

«ቆይ» አለ። «እጄ ሌላ ነገር ይላል። ይኼ ፊደል ሲ ነው።»

«እጅ ሪፖርት ላይ አይጻፍም» አለ ሚስተር ፔል፤ በክፋት ግን አልነበረም።

«ኤልፊ፣ እርሳስ ስጪኝ።»

«የምን እርሳስ?»

«የሚጻፍበት እርሳስ! ወረቀትም።»

ቤንጃሚን ኪሱን ዳበሰ፤ ስልክ እንጂ ሌላ የለውም። ኤልፍነሽ ለሰንበት ትምህርት ልጆች ከምትይዘው ቦርሳዋ ውስጥ ጫፉ የደነዘ እርሳስና የኖኅ መርከብ የተሳለበት ወረቀት አወጣች። ያን ጊዜ ሊያደርግ የፈለገው ገባኝ። ሦስተኛ ክፍል ሳለን ስሙኒ ከወረቀት ሥር አድርገን በእርሳስ ስናሸው አንበሳው ከነጎፈሩ ብቅ ይል ነበር። መምህሩ ወረቀት ታባክናላችሁ እያሉ በማስመሪያ ጣታችንን ይመቱን ነበር።

ወረቀቱን ብረቱ ላይ ለጥፎ በእርሳሱ ጎን ቀስ እያለ ሲያሸው የሚሰማው የእርሳሱ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ይዞ እጁን ዘረጋ። ሚስተር ፔል ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። እኛም ተከተልነው። ከመርከቡ ጀርባ፣ በነጩ በኩል፣ አንድ ክብ ፊደል ወጥቷል፤ ከታች በኩል ባለው ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ጠብታ አለች፤ ከፊደሉ መስመር ግን ተለይታ፣ ቅርጿም የተንሻፈፈ። ሲን ጂ የምታስመስለው እሷ ናት፤ የፊደሉ አካል ብትሆን ቀጥ ባለች ነበር።

ሚስተር ፔል አጉሊ መነጽር አወጣ። አንዴ ወረቀቱን አየ፤ ተመልሶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። «እዚህ ጋ፣ በጥፍርዎ» አለ። ዘርይሁን በአውራ ጣቱ ጥፍር ገፋ አደረጋት። ጠብታዋ የደረቀ ሬንጅ ነበረች፤ ተፈነቀለችና ደረቱ ላይ ወደቀች።

«ሲ» አለ ሚስተር ፔል። «ሲ፣ ዐሥራ አራት፣ ዘጠኝ። ማርች ዐሥራ አራት፣ ስድሳ ዘጠኝ። መኪናዋ ከመገጠሟ አንድ ወር ቀደም ብሎ። ልክ መሆን በሚገባው ጊዜ።» ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቀው «የቱቦው ፊደልም ያልተነካ ነው። ነጥቦቹ የባለሙያ ምልክት መሆናቸውን እጽፋለሁ» አለ።

ኤልፍነሽ «ሃሌሉያ!» ስትል ወፎች ከጣራው ተነሡ። ቤንጃሚን የሚያደርገው ጠፍቶት የመኪናዋን ኮፈን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ዘርይሁን ከሥር አልወጣም። እጄን ሰድጄ ስስበው ፊቱ በሬንጅ ጠቁሯል፤ ከዓይኑ ጥግ እስከ ጆሮው ሁለት የጸዱ መስመሮች ብቻ ነበሩ። «ጋዙ ነው» አለኝ። «አዎ፣ ጋዝ ክፉ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ በጋራዡ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሻይ ፈላ። ኤልፍነሽ ከቤት ያመጣችውን ሳምቡሳ ዘረገፈችው። ዘርይሁን ሰባት በላ፤ ቆጥሬአለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ትከሻው ላይ የነበረው ነገር ወርዶ ልጅ መሰለ። ሚስተር ፔልን «ሦስተኛውን ካልበላህ ሪፖርትህን አላምንም» ይለዋል፤ ሚስተር ፔል ቃሪያው ዓይኑን እያስለቀሰው ይበላል። ዓባይ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ በየሠርጉም፣ በየለቅሶውም።

ሚስተር ፔል ወረቀቷን ከመዝገቡ ጋር ለማያያዝ ጠየቀ። ዘርይሁን ግን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት።

«ሌላ አወጣልሃለሁ፤ ዐሥር ብትፈልግ ዐሥር። ይቺ ባለቤት አላት።»

ቀጥሎ ወደ ቤንጃሚን ዞረ። «ስማኝ ልጄ። ያኔ ሬንጁን አልፋቅሁም። አባትህን ሳላጣራ ነው የነገርኩት።»

«ባት ጋሼ፣ ልክ ነበሩ እኮ!»

«ልክ መሆኔን ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ቤንጃሚን ሳምቡሳ አቀበለው፤ ስምንተኛዋን።

ጥቂት ቆይቶ ዘርይሁን የግድግዳውን ሰዓት አየ። «ያባትህ መቃብር በሩ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«አራት ተኩል ላይ።»

«በሀበሻ ነው በፈረንጅ?»

«ጋሼ፣ መቃብር በሀበሻ አይዘጋም» አለ ቤንጃሚን፤ ሁላችንም ሣቅን። ሚስተር ፔል ምን እንደተባለ ጠየቀ፤ ኤልፍነሽ የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ መሆኑን በእንግሊዝኛ ታስረዳው ጀመር። «ታዲያ በቀጠሮ እንዴት ነው የምትገናኙት?» አለ ሚስተር ፔል። «አንገናኝም» አለ ቤንጃሚን። ኤልፍነሽ ትከሻውን በፎጣ ገረፈችው። «ለአባትህ ቀጠሮ ስንቴ ነው ያረፈድከው አንተ ራስህ!» አለችው፤ እሱም የአባቱን አረፋፈድ እያነሣ ይሟገታት ገባ።

ዘርይሁን ተነሣ። እጁን በሳሙና ታጠበ፤ በጥፍሮቹ ሥር ያለውን ሬንጅ በጥርስ ብሩሽ ፈተገው። ቱታውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፤ ኮቱን ለበሰ፤ የደረት ኪሱን በመዳፉ ዳሰሰ፤ የዓባይ ወረቀት አለች። ሻዩ ግማሽ ድረስ አለ። ማንንም ሳይሰናበት በሩን ከፍቶ ወጣ።